የትሪቡኑ ጀርባ

ሰው ኦቾሎኒ ሲበላ ማየት አልችልም። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አምስት ወንዶች፣ ፂማቸው የሸበተና ሊሸብት የተዘጋጀ፣ ዓመት ሙሉ መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ ተደርድረው፣ ጀርባቸውን ለታመመው ባሌ ሰጥተው፣ ልጣጩን ወለሌ ላይ እያራገፉ ግንብ ሲሠራ ሲያዩ ከከረሙ በኋላ ነው እንዲህ የሆንኩት። አሁን መንገድ ላይ የተቆላ ኦቾሎኒ ሲሸተኝ ተሻግሬ እሄዳለሁ።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከሥራችን ጠባብ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ ስታዲየሙ። አሮጌው ትሪቡን ቁመቱ ዝቅ ያለ ስለነበር ከመኝታ ቤታችን መስኮት በላዩ አሻግረው ካዩ ግማሹ ሜዳ፣ የግራው ጎል ከነመረቡ፣ ወለል ብሎ ይታያል። አልጋውን ገፍቼ መስኮቱ ሥር ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ባሌ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ከውጭው ዓለም የቀረው ይኼ መስኮት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ኤሌክትሪሻን ነበር። ደጋፊው ግን በሙያው አይጠራውም፤ «ጡሩንባው» ነው የሚለው። ከአባቱ የወረሳት የነሐስ ጡሩንባ አለችው። ቡድኑ ሲያገባ ይነፋታል፣ ሲገባበትም ይነፋታል፣ ዳኛው ሲሳሳት ደግሞ እንደ ሰው ታለቅስለታለች። ቡድኑ ዋንጫ የበላ ዓመት፣ ትልቁን ባንዲራ መብራት ምሰሶው ላይ ካልሰቀልን ሞተን እንገኛለን አሉ። «አንተ ኤሌክትሪሻን አይደለህ እንዴ? ምሰሶ መውጣት ለአንተ ምንህ ነው?» አሉት። እያጨበጨቡ አወጡት። ሲወድቅ ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር።

ሆስፒታል እያለ ብርቱካን እየያዙ ይመጡ ነበር። ቤት ሲገባ እግራቸው ሳሳ፣ ከዚያም ጭራሽ ጠፉ። ታናሽ ወንድሙ እንኳ፣ ዋርሳዬ ማለት ነው፣ ሁለት መንገድ አልፎ ካለች ሱቅ ሞባይል ሲጠግን እየዋለ፣ ወር አልፎ ወር ሲተካ ብቅ የሚል እንግዳ ሆነ። ይህን ልጅ ያሳደገው ባሌ ነው። እናታቸው ስትሞት ልጁ የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ስታዲየም በትከሻው ተሸክሞት ነው የሚገባው። ልጁ አድጎ ሥራ ከያዘ በኋላም፣ እስኪመጣለት ድረስ አጠገቡ ያለው ቦታ ላይ ጃኬቱን ጣል አድርጎ ይጠብቅለታል። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ «ሰው አለው» ይላል። ጨዋታው ተጀምሮ፣ ሕዝብ ቆሞ እያየ፣ ያ ባዶ ቦታ «ሰው አለው»። በዚህ የተነሳ ስንቴ ሊደበደብ ደርሷል።

እንግዲህ አዲስ ትሪቡን ሊሠራ ነው ተባለ። አሮጌውን አፈረሱት፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠሩት፣ ከመንገድ ሆኖ ምንም አይታይም። ይኼኔ ጡሩንባው ትዝ አላቸው። ትዝ ያላቸውስ መስኮቱ ነው፣ እሱማ ከመስኮቱ ጋር አብሮ ስለሚገኝ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አምበሉ ነው። አምበሉ የምንለው ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ እስከ ዛሬ ፊሽካውን ከአንገቱ አያወልቅም፤ የደጋፊው አለቃ እሱ ነው። ከኋላው ሥጋ ሻጩ፣ ጎሚስታው፣ የባንኩ ዘበኛ፣ መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፍቶ ዋርሳዬ።

«እህቴ፣ ጡሩንባው ናፍቆን አላስችል አለን» አለኝ አምበሉ።

«እሰይ፣ ግቡ» አልኩ። ምን ልበል? የባሌ ፊት ሲበራ እያየሁ።

ጉንጩን ሳሙት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ከስተሃል፣ ወፍረሃል፣ አምሮብሃል አሉት። ከዚያ አምስቱም በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲሄዱ «ደህና ዋል» ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ለክሬኑ ይሁን ለባሌ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከሥራ ሲወጡ ቀጥታ እኛ ቤት ሆነ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬ ሳሎን ናት። በመኪናዬና በግድግዳው መሀል እየተጋፉ ያልፋሉ። ሥጋ ሻጩ አንዴ ተሰፍቶ ባለቀ ነጭ ሸሚዝ እጁን ጠርጎ ሲያልፍ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ባጥበው ባጥበው የቅባቱ ጥላ አለቀቀም፤ ሸሚዙን ቀድጄ መወልወያ አደረግሁት። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል።

ግንባታውን እንደ ጨዋታ ነበር የሚያዩት። ክሬኑን «አጥቂው» ብለው ስም አወጡለት። የአርማታ መኪና ሲገባ ይዘምራሉ። ዝናብ ጥሎ ሥራ ሲቆም ሰማዩን ይሳደባሉ። አንድ ሠራተኛ ፌሮ ተሸክሞ ዝግ ካለ «ቀይሩት!» ብለው ይጮኻሉ፤ እነሱ ቤታቸው አንድ ምስማር መትተው አያውቁም። ሙሌቱ ሲያልቅ አምበሉ ፊሽካውን ይነፋል፣ ሁሉም «ጎል!» ብለው ይተቃቀፋሉ፣ አልጋው ይነቃነቃል። ባሌ ከኋላቸው ሆኖ አንገቱን ያሰግጋል።

«ምን ላይ ደረሰ?» ይላል።

«ኧረ ተወው! አዲስ ረድፍ ጀመሩ!» ይላል ጎሚስታው ሳይዞር።

«እስቲ ትንሽ ጎንበስ በሉልኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አጥቂው ኳስ ይዟል!»

ይስቃሉ። ባሌም አብሮ ይስቃል። እኔ በሩ ላይ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ የማየው መደዳውን የቆመ ጀርባ ነው፣ ከኋላው ደግሞ የሚንጠራራ የአንድ ሰው አንገት። አንጀቴ እርር ይላል። ሻዩን ግን አቀርባለሁ፤ ሻይ የማትሰጥ ሴት ነች እንዳይሉ እንጂ ከደስታዬ አይደለም።

ደግሞ ልብ ያላሉት ነገር አለ። ጎል እያሉ የሚጨፍሩለት ረድፍ ሁሉ ከባሌ ሜዳ ላይ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሱ ሜዳ ይጠባል። እነሱ ሲሄዱ፣ እኔ ልጣጭ ስጠርግ፣ ይነግረኛል።

«ዛሬ የወዲህኛው መስመር ሄደ» ይላል። በሌላ ቀን፣ «የማዕዘን ባንዲራዋ ሄደች።» በሌላ ቀን፣ «ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታበት ነጥብ።»

ጠዋት ጠዋት ተጠባባቂው በረኛ ከቡድኑ ሁሉ ቀድሞ ብቻውን ይመጣል። ሣሩ ላይ ይንከባለላል፣ ይዘላል፣ ኳስ ከአግዳሚው ጋር እያጋጨ ይቀልባል። ባሌ ስሙን አያውቅም፣ «ልጄ» ነው የሚለው። ልጅ የለንም። «ልጄ ዛሬ ግራ እጁ ሰንፏል» ይለኛል፣ እኔም ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ «ምን አበላኸው?» እለዋለሁ። መጀመሪያ የበረኛው እግር ጠፋ፣ ቀጥሎ ወገቡ። መጨረሻ ላይ ሲዘል ብቻ ከግንቡ በላይ ሁለት ቢጫ ጓንቲ ብቅ ይልና ይጠልቃል። ባሌ ያን ጓንቲ ይጠብቃል። አንድ ከሰዓት የአርማታው ሶሌታ ተሞላ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ተቃቀፉ። በማግስቱ ጓንቲው አልወጣም።

«ልጅህ ዛሬ አልመጣም?» አልኩት፣ ያልገባኝ መስዬ።

«መጥቷል» አለኝ። «ኳሷ አግዳሚውን ስትመታ ይሰማኛል።»

መርፌዬን አስቀመጥኩ። «እነዚህን ሰዎች ዛሬ ሲመጡ አባርራለሁ!»

«ምን አደረጉሽ?»

«ዓይንህን እየደፈኑ ይጨፍራሉ!»

«ግንቡን የሚሠሩት እነሱ አይደሉም፣ ሴትዮ።»

እውነቱን ነው፣ አይደሉም። ግን ሰው በወዳጁ ላይ ሲጨልም እንዴት ያጨበጭባል? ስቆጣ ባሌ ይለማመጠኛል፤ ምክንያቱም ሌላ ተስፋ ይዟል። አዲሱ ትሪቡን ከታች፣ ከሜዳው ጠርዝ፣ ለዊልቸር የተሠራ ቦታ አለው። አምበሉ ቃል ገብቶለታል። በምረቃው ጨዋታ እንደ ሙሽራ ተሸክመን እናወርድሃለን፣ ጡሩንባህን ይዘህ ከሁሉ ፊት ትቀመጣለህ ብሎታል። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም። ባሌ ከወደቀ ወዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣው የሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖረው ብቻ ነው። ስለዚህ መስኮቱን በልቡ መርቆ ሰጣቸው፤ አንድ ቀን ሣሩ አፍንጫው ሥር ይሆናል ብሎ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ክፉ ክፉውን አታውሪ» አለኝ። ማታ ማታ ከንፈሩን እያሞጠሞጠ መንፋት ይለማመድ ጀመር፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ያለ ጡሩንባ።

ግንቡ ሲያልቅ ወደ እኛ የዞረው ጀርባው ነው። ልሙጥ ግራጫ ግድግዳ፣ በመሀሉ ጠባብ ጠባብ መስኮቶች በመደዳ። ምን ይሆኑ እያልን ስንጠያየቅ ከረምን። የቧንቧ ሠራተኞቹ ነጫጭ የሽንት ገንዳ ሲያስገቡ ገባን። ከዚያ ሁሉ ትሪቡን ለባሌ የደረሰው ሽንት ቤቱ ነው። አምበሉ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከመስኮታችን የሚታይ ነገር ስላልነበረ መምጣታቸውን ተዉት። ባሌ ግን «ለምረቃው እየተዘጋጁ ነው» እያለ ጠበቃቸው።

የምረቃው ቀን ባሌን ገላውን አጠብኩት፣ ፂሙን ላጨሁት፣ የቡድኑን ማሊያ አለበስኩት። ሰውነቱ አልቆ ማሊያው ስለሰፋው ጎንና ጎኑን ቀድሜ አጥብቤለታለሁ። ጡሩንባዋን ራሱ በሎሚ ሲወለውላት አደረ ማለት ይቻላል። ዊልቸሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ እግሩን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፣ ጡሩንባዋን ጭኑ ላይ አደረገ።

«በሩን ክፈቺው፣ ሲመጡ እንዳይቸገሩ» አለኝ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ይላል።

መጡ። አልዋሽም፣ ሲመጡ አፈርኩ፤ ሰው ያለ ኃጢአቱ አማሁ አልኩ።

«ኧረ ማሊያው! ሙሽራ!» አለ ሥጋ ሻጩ።

አምበሉ ግን ባሌን አላየውም። ወደ ደረጃው ዞሮ በዓይኑ ይለካል። «ጡሩንባው፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አለ። «ይኼ ደረጃ ጠባብ ነው። ወገብህ ደግሞ እንደምታውቀው ነው። ብትወድቅብን ምን እንሆናለን?»

«አንዴ ወድቄባችሁ የለ እንዴ» አለ ባሌ እየሳቀ።

ማንም አልሳቀም።

«ግፊያውም አይቻልም» አለ ጎሚስታው።

«ፀሐዩስ?» አለ ዘበኛው። ውጭው ደመና ነበር።

በመጨረሻ የተናገረው ዋርሳዬ ነው፣ ወለሉን እያየ። «ጋሼ፣ ቲኬቱ አልቋል እኮ። እኛ አላገኘንም። በዊልቸር ለመጣ ሰው ግን ያለ ቲኬት ያስገባሉ። ከአራት አጃቢ ጋር።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩ እኔ ሞኟ። «ተሸከሙታ!»

እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ገባኝ። ባሌ ከሄደ ከአምስቱ አንዱ ውጭ ይቀራል። ዊልቸሩ ላይ ከነሱ አንዱ ከተቀመጠ ግን አምስቱም ይገባሉ። ሒሳቡን ሠርተው ጨርሰው ነው ደረጃውን የወጡት። 

ባሌም ገብቶታል። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁ፣ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

«ማን ሊቀመጥበት ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ፣ ጋሼ» አለ ዋርሳዬ። «ለመግፋት እኔ ቀለል እላለሁ።»

እግርህን ያሳጣህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ እርግማን አይነሳም። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም!» አልኳቸው። «አምስት ወንድ አንድ ሰው ተሸክሞ መውረድ አቃታችሁ? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!»

«እትዬ፣ ለሱ ብለን እኮ ነው» አለ ዋርሳዬ።

«ተያቸው» አለ ባሌ። «አልጋዬ ላይ መልሱኝና ውሰዱት።»

ሊያነሱት ተሽቀዳደሙ። ያኔ ወገቡ አላሳሰባቸውም፤ እንደ ጆንያ አንጠልጥለው አልጋው ላይ አኖሩት። ዋርሳዬ እዚያው ፊቱ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠና ይመቸው እንደሆነ ወዲያ ወዲህ አለበት። ብርድ ልብሱን ደራርበው እግሩን ሸፈኑለት። አምበሉ ጡሩንባዋን ከባሌ እጅ ወሰደ። «እንነፋልሃለን፣ ድምጿን ከዚህ ትሰማታለህ። እንደ ሄድክ ቁጠረው» አለው። ዊልቸሩን አንስተው በዚያ ጠባብ በተባለው ደረጃ እየዘፈኑ ወረዱ። የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ ይባላል፤ እኔ ያን ቀን ሲበላ አየሁት።

ቴሌቪዥኑን መኝታ ቤት አስገባሁለት። ጩኸቱ በመስኮት ይቀድማል፣ ምስሉ ትንሽ ቆይቶ ይከተላል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ እያለች ግድግዳው ያገሳል። ጡሩንባዋም ተሰማች። ማን እንደሚነፋት እንጃ፣ እንደታነቀ ፍየል ነው ያስጮኻት። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከንፈሩን አላጠበቀም» አለ።

ከዚያ ግድግዳው ጮኸ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ጎል ነው። ጠበቅን፤ ስክሪኑም ላይ ገባ። ካሜራው አግቢውን አሳየ፣ ሕዝቡን አሳየ፣ ወደ ታች ወርዶ የዊልቸሩን ረድፍ አሳየ። ሰዎቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ይደሰታሉ። ዋርሳዬ ግን ብድግ አለ። ብድግ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ዘለለ፣ ብርድ ልብሱ መሬት ወደቀ፣ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ እሱ ሥጋ ሻጩ ላይ ተጠመጠመ። አጠገቡ ዊልቸር ላይ የተቀመጠች ሴት አፏን ከፍታ ታየዋለች። ኮሜንታተሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ጎል የማያድነው በሽታ የለም!» አለ።

ባሌ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል፤ እኔንም አሳቀኝ። ሳቁ እንደ ጀመረ ቆመ።

«በትከሻዬ ተሸክሜው ስገባም እንዲህ ይዘል ነበር» አለ።

በዕረፍት ሰዓት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቀጥሎ ጠባቦቹ መስኮቶች በሰው ራስ ተሞሉ። ሰልፉ የረዘመባቸው ወርደው ግድግዳው ሥር መንገዱ ላይ ይሸናሉ። ከአንዱ መስኮት ዋርሳዬ ብቅ አለ። አንድ እጁ ከታች ሥራ ላይ ነው፣ በሌላው ያውለበልባል።

«ጋሼ! አየኸኝ? በቲቪ አየኸኝ?»

«አይቼሃለሁ» አለ ባሌ፣ ለራሱ ያህል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መስኮቱን ዝጊው። መጋረጃውንም።»

አልጋው እዚያ ከተጠጋ ወዲህ ያ መጋረጃ ተዘግቶ አያውቅም። ቀለበቶቹ ዝገው አልሳብ ብለውኝ በሁለት እጄ ጎተትኩት።

ሲመሽ ዊልቸሩን መለሱት፤ አሸንፈው ስለነበር ቢራ ቢራ ይሸታሉ። መቀመጫው ላይ የኦቾሎኒ ልጣጭ ተነስንሷል፣ አንዱ የእግር ማሳረፊያ ጠሟል፣ ብርድ ልብሱ የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። የጡሩንባዋ አፍ የሰው ምራቅ አለበት።  «ደግሞ በሚቀጥለው ጨዋታ» አለ አምበሉ፣ ባሌን ጎረቤት ያለ ሰው ሰላም እንደሚሉት በበሩ አሻግሮ እጁን አውለብልቦለት። ዊልቸሩን ኮሪደር ላይ አውጥቼ በሳሙና ፈተግኩት። ደረቀ፣ ሸተትኩት፣ እንደገና ፈተግኩት። ጎማዎቹን በስፌት መኪናዬ ዘይት ቀባኋቸው፣ የጠመመውን በመዶሻ አቃናሁት። ባሌ በነዚያ ቀናት ስለ ኳስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ መጋረጃውንም ክፈቺ አላለኝም።

የሚቀጥለው ጨዋታ ቀን ደረሰ። ያን ጠዋት «ዊልቸሩ ላይ አስቀምጪኝ» አለኝ። ማሊያውን ባቀርብለት ገፋው፤ የዘወትር ሹራቡን ለበሰ።

«ወዴት ልግፋህ?»

«በሩ ጋ።»

ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ኮሌታ እሰፋለሁ። ቁርሱንም ምሳውንም እዚያው በላ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው በኮቴና በዘፈን ተሞላ፣ በሩ ተንኳኳ።

«ክፈቺ» አለኝ።

ከፈትኩ። አምስቱም ማሊያቸውን ለብሰዋል። ዋርሳዬ ከፊት ነው፤ ባለፈው ብርድ ልብስ ስለጠፋ ይመስላል፣ የራሱን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይዟል።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ» አለ፣ ዓይኑ ከባሌ ፊት ወርዶ ጎማዎቹ ላይ አረፈ። «ያው... ዊልቸሩን ልንወስድ ነበር።»

ባሌ ሁለት እጁን ጎማዎቹ ላይ አኖረ። ወንድሙን ቀና ብሎ አየው፤ ድሮ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሲመጣ ይፈልገው እንደነበረው አድርጎ አየው።

«ሰው አለው» አለው።

በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።